ስምንት መኪና ለአንድ ድንኳን

ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቦታ መለካት አውቃለሁ፤ ቢያንስ እንደማውቅ አምን ነበር። ታዲያ የሚዛን ተፈሪን ሕዝብ ወክዬ በተቀመጥኩበት ስብሰባ ላይ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ፣ የእትዬ ሸዋነሽን የድንኳን መትከያ ፈርሜ ሰጠሁ። ወረቀቱ ላይ ድንኳን የሚል ቃል አልነበረም። የመኪና ማቆሚያ ነበር የሚለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገበያው ወረድ ብሎ የሰገነቱ ቤት የምንለው ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት አለ። በጃንሆይ ዘመን አንድ ግሪካዊ የቡና ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ታች መጋዘን፣ ላይ መኖሪያ። ነጋዴው ሄደ፣ ቤቱ ተወረሰ፣ ቀበሌ አከራየው። ላይኛውን የቡና ሚዛን ሠራተኛ የነበሩት አቶ ከፈለኝ ከባለቤታቸው ከእትዬ ሸዋነሽ ጋር ገቡበት። ታችኛውን የሠፈራችን እድር ተከራየው፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ እዚያ ነው የሚቀመጠው። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። በ1998 ዓ.ም. ባለሙያዎች መጡና ቤቱን ዞረው አይተው፣ «ይህ ቤት ቅርስ ነው፤ መንካት ክልክል ነው» የሚል ቆርቆሮ በስምንት ትልልቅ ምስማር ግድግዳው ላይ መቱበት። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የነካ ነገር ቢኖር እነዚያ ምስማሮች ናቸው።

ከቤቱ ፊት ሰፊ ግቢ አለ። አለ ማለቴ፣ ነበር። በ2006 ዓ.ም. አቶ ጌታሁን ግቢውን በሊዝ አሸነፈ። ጌታሁን የቡና ነጋዴ ነው፤ አሥረኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ካርታ ማንበብ ላይ ደህና ነበር። ቤቱ ቅርስ ስለሆነ ማፍረስ አይችልም። መሬቱ የሱ ሆነ፣ ቤቱ የመንግሥት ሆኖ ቀረ፣ ሰማዩን ግን ማንም ስላልጠየቀው ጌታሁን ወሰደው። ኢንጂነር መክሊት የምትባል ወጣት ባለሙያ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ፕላን አሠራ። በቤቱ ዙሪያና በግቢው ውስጥ ወፋፍራም ምሰሶዎች ይቆማሉ፤ በምሰሶዎቹ ላይ ሰባት ፎቅ አፓርታማ ይወጣል፤ የሰገነቱ ቤት ከሥር፣ ዶሮ እንደታቀፈችው እንቁላል ይቀመጣል። ግቢው በሱቅ ይሞላል። የሕንፃው ስም ደግሞ «ቅርስ ታወር»።

ፕላኑን የሚያጸድቅ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ተረፈ ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ማኅተም አክባሪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምሳ ሰዓት አክባሪ። አሥራ አንድ ሆነን ተቀመጥን። ቅርሱ እንዴት ይጠበቃል በሚለው ላይ ሩብ ሰዓት ተወያየን። የቀረውን ሦስት ሰዓት የፈጀነው በመኪና ማቆሚያ ላይ ነው።

«መመሪያው ለአምስት አፓርታማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ይላል፤ እዚህ ፕላን ላይ ግን አንድም አይታየኝም» አለ ተረፈ መነጽሩን ከፍ አድርጎ።

«ከሥር መቆፈር አንችልም፤ ቅርሱ ይሰምጣል» አለች መክሊት። «መሬት ላይ ደግሞ ሱቆቹ አሉ።»

ጌታሁን ተነሣ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ በዚህ ከተማ መኪና ያለው ማነው? ሕዝቡ በእግሩ ነው የሚሄደው። ሲደክመው ባጃጅ አለ። ራቅ ካለ ሚኒባስ አለ። እኔ እንኳ ፒካፔን መንገድ ዳር ነው የማቆመው። ለሌለ መኪና ቦታ ተው ትሉኛላችሁ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ የሕዝብ ተወካይ ነኝና። እኔም ሰው ሲያየኝ ቀልድ የሚመጣብኝ በሽታ አለብኝ። «የኔ ጎማ ያለው እግሬ ሥር ነው» አልኩና በረባሶዬን አነሣሁ። «እሱንም ቤት ስገባ በር ላይ አቆመዋለሁ።» ሳቁ፤ ተረፈ እንኳ ሳቀ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሲመዘገብ ግን ቀልዱ ቀረና «የሕዝብ ተወካዩም ሐሳቡን በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል» ተባለ። አንድ ሰው እንዴት ሙሉ ድምፅ እንደሚሆን አልጠየቅኩም።

ፈርሜ ልወጣ ስል ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሕዝብ ወክዬ መጥቼ ቀልድ ብቻ ተናግሬ ልሄድ ነው? ለወጉ ያህል እጄን አነሣሁና፣ «በግቢው ውስጥ መኪና ያለው ነባር ነዋሪ ቢኖርስ?» አልኩ። ደግመው ሳቁ። ተረፈ ግን የሕዝብ አስተያየት መካተት አለበት ብሎ አስጻፈው፤ «መኪና ያለው ነባር ነዋሪ ቢገኝ፣ በመኪናው ቁጥር ልክ ቦታ ይጠበቅለታል።» ጌታሁን እየሳቀ ፈረመ። እኔም ሕዝቤን እንደጠቀምኩ ተሰምቶኝ ወደ ምሳ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ የሰገነቱ ቤት ጎራ አልኩ። እትዬ ሸዋነሽ ሰገነቱ ላይ ተቀምጠው ኮረሪማ ይፈለፍላሉ። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው፤ ዓይናቸው ደከም ብሏል፣ ጆሮአቸው ግን የሠፈሩን ሁሉ ይሰማል። የስብሰባውን ነገር ነገርኳቸው። ቤታቸው እንደማይነካ፣ ከራሳቸው በላይ ሰባት ፎቅ እንደሚኖር፣ ግቢው ሱቅ እንደሚሆን። በረባሶዬንም አነሣሁላቸው። እሳቸው አልሳቁም።

«ታዲያ የኔን ድንኳን የት ልትተክሉት ነው?» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፤ እግሬን አንሥቼ እንደያዝኩ ቀረሁ። በሠፈራችን ቤት ከቤት ተጣብቆ ነው የተሠራው። ሰው ሲሞት የማንም ሰው ይሁን ድንኳኑ የሚተከለው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። ይኼንን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእድሩ መዝገብ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ሰው፣ ከመካከላችን አምስቱ ዲግሪ ያለን፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለዚያ ግቢ ስንከራከር፣ አንዳችንም ከመኪና ሌላ ነገር አልታየንም። መኪና የለንም፤ ሟች ግን ሁላችንም ነን።

«ከፈለኝን ከዚህ ግቢ ሸኘሁት» አሉ እትዬ ሸዋነሽ። «ሰርካዲስን፣ ያችን አንዲት ልጄን፣ ከዚህ ሸኘኋት። እኔ ወንድም የለኝ፣ እኅት የለኝ። ከሠፈሬ ሰው በቀር የሚያለቅስልኝ የለም። እሱም የሚቀመጥበት ካጣ በየት መጥቶ ያለቅስልኛል? ወይስ እንደ ዕቃ ከደረጃው ሥር አንሥታችሁ ልትወስዱኝ ነው?»

«እትዬ፣ እንዲያ አይበሉ።»

«እላለሁ እንጂ! ማልልኝ።»

ማልኩላቸው። ድንኳንዎ ከዚህ ግቢ አይወጣም አልኩ። ከሐፍረቴ የተነሣ ቀና ሳልል ከደረጃው ወረድኩ።

በማግሥቱ ተረፈ ቢሮ ሄድኩ። ጉዳዩን በትዕግሥት ሰማኝ፤ መመሪያውን ከመሳቢያው አወጣ፣ ገጽ በገጽ ገለበጠ፣ ከመጨረሻው ገጽ ተመልሶ ደግሞ ፈለገ።

«መምህር፣ ድንኳን የሚል አንቀጽ የለም» አለ ከልቡ አዝኖ።

«ሰው ይሞታል እኮ፣ ተረፈ።»

«ይሞታል። ግን በከተማው ፕላን ላይ ሞት የተመደበለት ቦታ መካነ መቃብር ብቻ ነው። በአፓርታማ በኩል የተባለ ነገር የለም። ምን ላድርግዎት? መኪና ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር አደርግልዎት ነበር።»

ቱግ ብዬ ወጣሁ። የሄድኩት ወደ ሱሀይብ ሱቅ ነው። ሱሀይብ ጨርቅና ቅመማ ቅመም ይነግዳል፤ አባቱ ከስልጤ መጥተው ነው እዚህ የከበሩት። የእድራችን ሊቀመንበር እሱ ነው። ተረፈ ያለኝን በንዴት ስነግረው ጨርቅ የሚለካበትን ሜትር እጁ ላይ እየጠቀለለ ሰማኝና፣ «ጋሽ ካሣዬ፣ መኪና ቢሆን ኖሮ ነው ያለው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እድራችን የታችኛው ቤት ነባር ተከራይ አይደል? ነባር ነዋሪ ማለት ታዲያ ማነው?»

ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም ወረቀት ፈለግን። አንድ የመኪና ማቆሚያ ሁለት ሜትር ተኩል በአምስት ሜትር ነው፤ ይኼን መክሊት በስብሰባው ላይ ነግራናለች። ድንኳናችን አሥር በአሥር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሀገር ጠቀመ፤ አንድ ድንኳን ማለት ስምንት መኪና ነው።

ስምንት መኪና ከየት ይመጣል እንዳትሉኝ። የሚሄድ መኪና በሀገራችን ብርቅ ነው፤ የማይሄድ ግን በየጓሮው ሞልቷል። የቡና ዋጋ በተወደደበት ዓመት ሁሉ አንድ ሰው መኪና ይገዛል፤ ዋጋው በወደቀ በዓመቱ መኪናው ይቆማል፤ ባለቤቱም ቡናው እስኪወደድ ብሎ ሊብሬውን ከሣጥን ሥር ያስቀምጠዋል። ለእድሩ አባላት ጉዳዩን ገለጽን። ሰው እንዲህ ሲለግስ አይቼ አላውቅም። ከሸኮ አንድ ላንድሮቨር ሙዝ በጫነ አይሱዙ ላይ ተጭኖ መጣ። ከቴፒ አንድ ፔጆ በገመድ ተጎትቶ ገባ። ከሸዋ ቤንች ዳትሰን፣ ከዚሁ ከከተማችን ሁለት ቮልስ፣ አንድ ላዳ፣ ጣሪያ የሌለው ፒካፕና ፊያት። ፊያቱ ውስጥ አንዲት ዶሮ ታቅፋ ስለነበር ከነ ዶሮዋ ነው የተረከብነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ እድራችን በመኪና ብዛት ከከተማዋ ነጋዴዎች ሁሉ በለጠ።

ኮሚቴው ለምርመራ መጣ። ተረፈ ስምንቱንም ሊብሬ አንድ በአንድ ከሻንሲ ቁጥር ጋር አመሳከረ። ጌታሁን ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«እነዚህ መኪና ናቸው? ይነሣሉ?» አለ ፊያቱን በጫማው እየመታ። ዶሮዋ ጮኸች።

«ቃለ ጉባኤው መኪና ያለው ይላል እንጂ የሚነሣ መኪና ያለው አይልም» አልኩት። «አንተም ፈርመሃል። እየሳቅክ።»

«መምህር፣ እርስዎ አስተምረውኝ እንዲህ ያደርጉኛል?»

«ያስተማርኩህን ስለማውቅ ነው።»

ተረፈ ጨነቀው። በሰነዱ ላይ የሰፈረ ነገር እንዳይጣስ ይፈልጋል፤ ጌታሁንም ስምንት ሱቅ ሊያጣ ነው። በመጨረሻ ጌታሁን አንድ ነገር ጠየቀ። ቦታው ይጠበቅላቸው፣ ግን ለሃያ አራት ሰዓት ከመኪና ባዶ ሆኖ ከተገኘ ለአልሚው ይመለስ። አልሚ ማለት እሱ ነው። እኔ በልቤ ሳቅኩበት። የእኛ መኪኖች ለሃያ አራት ደቂቃም የትም አይሄዱም። በዚያው እስክሪብቶ ፈረምኩ።

ድል አድርጌ ደረጃውን ወጣሁና ለእትዬ ሸዋነሽ የምሥራች ነገርኳቸው። ሰማዩ በሲሚንቶ ይሸፈናል እንጂ መሬቱ የእኛው ነው አልኩ። ምረቁኝ። ጉንጬን ሳሙኝ። ከዚያ ወደ ታች ወደ መኪኖቹ ዓይናቸውን አጥብበው አዩ።

«የዚያን ለት መኪኖቹ የት ይሄዳሉ?» አሉ።

«ይገፋሉ፣ እትዬ። ሦስት ቀን መንገድ ላይ ያድራሉ፣ ከዚያ...» አልኩና አፌ ተከፍቶ ቀረ። ሦስት ቀን ሰባ ሁለት ሰዓት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ነው በገዛ እስክሪብቶዬ የፈረምኩባቸው። የአፌን መከፈት እንዳላዩ ዓይናቸው ደከም ማለቱን አመሰገንኩ። አልነገርኳቸውም።

ሕንፃው በሁለት ዓመት ተኩል ወጣ። የሰገነቱ ቤት ከሥሩ ፀሐይ እንዳጣ ችግኝ ገረጣ፤ እትዬ ሸዋነሽ በቀንም መብራት ማብራት ጀመሩ። ቅርስነቱን የሚናገረው ቆርቆሮ ምሰሶ ስለጋረደው ለማንበብ ጎን ለጎን መሹለክ ያስፈልጋል። ሊፍቱ ጅቡቲ ወደብ ደርሷል ከተባለ ዓመት ሞላው፤ ሰው በደረጃ ይወጣል። ሰባተኛው ፎቅ ላይ ጌታሁን ራሱ ከእናቱ ከእማማ ማናልሞሽ ጋር ገባ። እማማ ማናልሞሽ ከእትዬ ሸዋነሽ ጋር የልብ ባልንጀሮች ነበሩ፤ ግን ጉልበታቸው ደረጃውን ስለማይችለው በሁለት ወር አንድ ጊዜ ቢወርዱ ነው። ባልንጀራቸው ከሥራቸው ሆነው፣ እሳቸው ከላይ ሆነው፣ በሰው ሰላምታ ይላላካሉ። መኪኖቻችን ደግሞ መሬት ውስጥ ሰመጥ ሰመጥ አሉ። በአንደኛው ቮልስ ወለል ጎደሬ በቅሎ በመስኮቱ ወጣ።

በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ሊነጋ ሲል፣ እትዬ ሸዋነሽ አረፉ። ትንሽ ታመው ነው። ከማረፋቸው በፊት እጄን ይዘው፣ «ካሣዬ፣ ምለህልኛል» ነበር ያሉት። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ወንዶቹ ድንኳኑን ለማውጣት ተሰበሰቡ። እኔ መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ ሦስት ዓመት የደበቅኩትን ተናገርኩ። መኪኖቹን አውጥተን ሦስት ቀን ከተቀመጥን ቦታው የጌታሁን ነው። ሱቅ ይሠራበታል። ከእትዬ ሸዋነሽ በኋላ ለማናችንም ድንኳን መትከያ የለም። ይኼን ያደረግኩት እኔ ነኝ አልኩ። ተሰደብኩ፤ ይገባኛል። አንዳንዱ ቦታውን ለብዙኃኑ እናስቀር፣ ለእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ደርሰን እንመለስ አለ። ነገሩ ስሌት ነው፤ አንድ ሰው ከመቶ ሃምሳ አባወራ አይበልጥም። እኔም ስሌት የማውቅ ሰው ነኝ። ግን ያ የያዘኝ እጅ ገና ከእጄ ላይ አልለቀቀም ነበር።

ሱሀይብ ኮቱን አወለቀ። «መኪኖቹን ያመጣናቸው ለማን ነው?» አለ። «ለእሳቸው ነው። በል ጋሽ ካሣዬ፣ ከየትኛው እንጀምር?»

ከላንድሮቨሩ ጀመርን። ለቀብር ሬሣ የሚሸከሙት እነዚያው ጎረምሶችና ሽማግሌዎች ናቸው ጎማ የሌለውን መኪና በግንድ እያንከባለሉ ያወጡት። ከሕንፃው ሥር ስንወጣ ዝናቡ ያካፋል፤ ጭቃው ይይዛል። ከላይ ከየፎቁ ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ ያየናል። ጎደሬ የበቀለበትን ቮልስ ሲነቅሉት መሬቱ አብሮ ተነቀለ። የመጨረሻው ፊያቱ ነበር። አስፋልቱ ላይ ሲደርስ ከመካከሉ ተሰንጥቆ ሁለት ሆነ፤ ሱሀይብ የፊቱን ይዞ ሄደ፣ የኋላው ከእኔ ጋር ቀረ። ዋናው መንገድ ተዘጋ። አንድ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካውን እየነፋ ሮጦ መጣና፣ «ይኼ ሁሉ መኪና ወዴት ነው የሚሄደው?» አለ። «ለቅሶ ነው» አልነው። ኮፍያውን አወለቀ፤ ከዚያ የፊያቱን የኋላ ግማሽ ከእኔ ጋር ገፋ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ቆመ። ገመዶቹን በጌታሁን ምሰሶዎች ላይ አሰርናቸው። ከላይ ሰባት ፎቅ ሲሚንቶ እያለ፣ ጠብታ ዝናብ በማይገባበት ቦታ፣ ድንኳን ተከልን። ሞኝነት የሚመስለው ካለ ይምሰለው። ድንኳን ለዝናብ ብቻ አይደለም።

ከቀብር መልስ ሕዝቡ ድንኳኑን ሞላው። የሚያለቅስላቸው የለም ላሉት ሴትዮ ሰዉ አግዳሚ ወንበር አልበቃው ብሎ መሬት ተቀመጠ። እኔ በር ላይ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ቀና ብዬ ሳይ ጌታሁን ሰባተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

እሑድ ጠዋት ደግሞ ከደረጃው በኩል ሲቃ ሰማን። እማማ ማናልሞሽ ናቸው። ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸው ሰባቱን ፎቅ በየማረፊያው እየተቀመጡ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጅተው ወረዱ። ድንኳኑ ውስጥ ሲደርሱ ስለ ባልንጀራቸው እንዲህ አለቀሱ፤ «ከበላይሽ ሆኜ ድምፅሽ ናፈቀኝ፣ ሸዋዬ።» ሰው ሁሉ አብሮ አነባ። እኔም አልቅሻለሁ፤ በሐፍረትም በሐዘንም።

ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ጌታሁን ከተረፈ ጋር መጣ። ተረፈ አቃፊ ይዟል። በአቃፊው ውስጥ ያለውን ቅጽ አውቀዋለሁ፤ ሲረቀቅ ነበርኩ። «ቦታው ላለፉት ሃያ አራት ሰዓታት፤ ሀ) በመኪና ተይዟል፣ ለ) ባዶ ነው።» ሁለቱም የድንኳኑ አፍ ላይ ሲደርሱ እንደ ወጉ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «እግዜር ያጥናችሁ» አሉ። ጌታሁን ግን አልተቀመጠም። ተረፈን በክርኑ ነካው።

«ጌታሁን» አሉ እማማ ማናልሞሽ ከተቀመጡበት። «ምንድነው የያዛችሁት?»

«ምንም አይደለም እማዬ። የመኪና ማቆሚያው ጉዳይ ነው። ቦታው...»

«ሰምቻለሁ። በረንዳ ላይ ሆነህ በስልክ ስትጮህ ሰምቻለሁ።» ትንፋሻቸው ገና ከደረጃው አልተመለሰም ነበር፤ ቆም እያሉ ነው የሚናገሩት። «እዚህ ሱቅ ትሠራለህ?»

«ሕጉ ነው፣ እማዬ።»

«ይሁን፤ ሥራ። ታዲያ የኔን ድንኳን የት ልትተክለው ነው?»

ጥያቄው ቃል በቃል የእትዬ ሸዋነሽ ነው። ጌታሁን ዙሪያውን አየ፤ ምሰሶውን፣ ገመዱን፣ ሰዉን። ወደ ላይም አየ፤ የገዛ ሲሚንቶው ነው ያለው። አሥረኛ ክፍል ሳለ ካርታው ተገልብጦበት ሰሜኑ ሲጠፋበት እንዲህ ያደርግ ነበር። ከዚያ ከእናቱ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ተረፈ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ቅጹን አየ። «ሀ»ን አየ፣ «ለ»ን አየ። መኪና የለም፤ ባዶም አይደለም። የሕዝቡን ብዛት በዓይኑ ቆጠረ መሰለኝ። በመጨረሻ ሁለቱንም ሰረዘና፣ በራሱ እጅ ጽሑፍ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በመመሪያ ውስጥ የሌለ ቃል ጻፈ፤ «ቦታው ሰው ነበረበት።» ፈርሞ ማኅተሙን ከኪሱ አወጣና ጉልበቱ ላይ አስደግፎ መታበት። ከዚያ እሱም ተቀመጠ።

ማክሰኞ ድንኳኑን ነቀልንና መኪኖቹን መልሰን ገፋን። ሰባቱ ገቡ። ፊያቱ ግን አልሆነም፤ ከፊቱ ጋር የኋላው አይገናኝም። ስምንተኛው ቦታ ክፍት ሆነ። ይኼንን ደግሞ ወረቀቱ ያውቀዋል። አንድ መኪና ከጎደለ ድንኳኑ ስምንተኛ እጁ ተቆረጠ ማለት ነው። ሱሀይብ ከቦንጋ በኩል አንድ የቆመ ቶዮታ መኖሩን ሰምቻለሁ እያለ ስልክ ሲደውል ከኋላችን ጥሩንባ ተነፋ፤ የመኪና ጥሩንባ። ጌታሁን ነው። ያንን መንገድ ዳር የሚያቆመውን አዲሱን ነጭ ፒካፑን በሁለቱ ቮልሶች መካከል አስገብቶ፣ ጎማውን አስተካክሎ፣ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ቁልፉንና ሊብሬውን እጄ ላይ አስቀመጠ።

«በእድሩ ስም ጻፉት» አለ ፊቴን ሳያየኝ።

«አንተስ በምን ትሄዳለህ?»

«ባጃጅ አለ አይደል፣ መምህር? እኔው ነኝ ያልኩት።»

ዕንባዬ መጣ፤ ነገር ግን ያስተማርኩት ልጅ ነውና አላሳየሁትም። መዝገቤን አውጥቼ፣ በዚያው በተረገመ እስክሪብቶ፣ «ስምንተኛ መኪና፤ የሚነሣ» ብዬ ጻፍኩ። ጌታሁን ወደ ደረጃው ሄዶ የመጀመሪያውን ፎቅ መውጣት ጀመረ። ሰባተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ እማማ ማናልሞሽ ወንበር አስወጥተው ቁጭ ብለው ታች ታች ያያሉ።